ንጹሕ መሳይ ለውዝ

ሰኞ 2

ሻጋታ የነካውን ጠርጎ ጥሎ የቀረውን ቢበሉት ምን ይሆናል?

ሥራዬን የነገርኩት ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት የታክሲው ሾፌር ጠየቀኝ፣ ከሰዓት የቤተ ሙከራው ጥበቃ ደገመው። ታናሽ እህቴማ ዳቦዋን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ዶክተር ሻጋታ፣ ይቺን አረንጓዴዋን ቆርጬ ልብላ ወይስ ኑዛዜ ልጻፍ?» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም። ከተመረቅሁ ገና የጋዋኔ ኪስ እንኳ አልቆሸሸም።

መልሱን መስጠት ግን ደስ ስለሚለኝ ለማንም ሳልሰለች እመልሳለሁ። የሚታየው ሻጋታ ሌላ፣ መርዙ ሌላ። ሁሉም ሻጋታ መርዝ አይሠራም። የሚሠራው ግን እህሉ ውስጥ ይለቀዋል። መርዙ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም በቀላሉ አይለቅም። የሚጎዳው ጉበትን ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ። ይህን ስናገር ድምፄ የአስተማሪ እንደሚሆን እህቴ ነግራኛለች።

የተቀጠርኩት ለዚህ የዝናብ ወራት ብቻ ነው። የዕፅዋት ጭማቂ እያዘጋጀን ሻጋታው መርዝ እንዳይሠራ መግታት ይቻል እንደሆነ እንፈትናለን። አለቃዬ፣ ዶክተሯ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ያሉትን አልረሳውም፦ «ሻጋታ መግደል የፈለገ በረኪና ይግዛ። እኛ የምንፈልገው አፉን ማዘጋት ነው።»

ውጤት ካመጣሁ ቅጥሩ ቋሚ ሊሆን ይችላል አሉ። ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። እኔ ግን ቤት ስገባ «ይሆናል» ብዬ ነው ያወራሁት።

ሐሙስ 5

አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ሁሉም «ጓንት» ነው የሚለው። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሻይ ሲጠጣ እንኳ አዲስ ጓንት ያጠልቃል። «ሰላም ስትለኝ በክርንህ ይሁን» አለኝ በተዋወቅን ቀን።

ከዕፅዋቱ መጀመሪያ የደረሰንን ቅርንፉድ ፈጭተን በአልኮል ዘፈዘፍነው፣ አጠለልነው፣ በተለያየ መጠን አቀጠንነው፣ ሻጋታው የሚበቅልባቸው ክብ የመስታወት ሳህኖች ላይ ጨመርነው። ዛሬ ከፈትናቸው። ምንም ያልነካው ሳህን ላይ ሻጋታው አረንጓዴ ምንጣፍ ዘርግቷል። ብርቱው መጠን ያለበት ላይ አንዳች ነገር የለም፣ የተላጨ ራስ ይመስላል። ደካማው መጠን ያለበት ላይ ደግሞ ስስ፣ ነጭ፣ ከጥጥ ላይ የተነነ የሚመስል ነገር ብቻ። አረንጓዴ የለም። ስፋቱን በማስመሪያ ለካሁ። ደስ ብሎኝ ሁለቴ ለካሁት።

መርዙን ራሱን ገና አልለካንም። ለማነጻጸሪያ የሚሆነን ንጹሕ መርዝ ታዟል፣ አልመጣም። አንድ ቢሮ ውስጥ ፊርማ እየጠበቀ ነው።

ጓንት «እስኪመጣ ምን እንሁን?» ሲላቸው ዶክተሯ «ትሑት ሁኑ» አሉት።

እሑድ 8

እቴቴ እናታችን ካረፈች ጀምሮ እኔንና እህቴን ያሳደገችን አክስታችን ናት። የኋላውን ክፍል የለውዝ ቤት አድርጋዋለች። እዚያው ትቆላለች፣ ትፈጫለች፣ የለውዝ ቅቤውን በብልቃጥ እየሞላች ለሱቆች ታስረክባለች። ያደግነው በዚያ መፍጫ ጩኸት ነው። ሲቆም ነው የምንደነግጠው።

ዘንድሮ ዝናቡ አላፈናፍን ብሏል። የክፍሉ ግድግዳ ላብ እንዳጠመቀው ሰው ጀርባ ነው። ጆንያዎቹን ከመሬት ከፍ አድርገናል፣ እርጥበቱ ግን አልቀረልንም። እንደ ወትሮው ሦስታችንም ጠረጴዛውን ከብበን ስንለቅም ዋልን። አረንጓዴ የነካውን፣ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን እያወጣን እንጥላለን። የሚጣለው ክምር ከሚቀረው ክምር ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው።

እቴቴ አንገቷን አቀርቅራ «የሕፃናት መዋያው ሰዎች ዛሬም ደወሉ» አለች። «በየሳምንቱ ካቀረብሽልን ከሌላ አንገዛም አሉኝ። በምን አቅሜ? ይኸው ግማሹን ለቆሻሻ እየገበርኩ።»

«እቴቴ፣ እኔ እያለሁ ይሄን ሁሉ ትጥያለሽ?»

«እና ምን ላድርገው? ላጽናናው?»

እህቴ ፈንድታ ሳቀች። እኔ ግን ስለ ቅርንፉዱ ነገርኳት። ሳህኖቹን፣ አረንጓዴው እንዴት እንደጠፋ፣ ሁሉንም። እቴቴ እጇን ከለውዙ ላይ አንስታ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፣ እንደ ትልቅ ሰው።

«ተረጋግጧል?»

«ተረጋግጧል» አልኳት።

አሁን ሳስበው ትንሽ ቸኩያለሁ። ግን የሚረጋገጥ ነገር ነው፣ ምን ለውጥ አለው።

ረቡዕ 11

ቸኩያለሁ፣ በአጭሩ። ትናንት ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ ቅርንፉዱን ኩሽና ውስጥ አዘጋጀሁት። ዛሬ ለሙከራ አንድ ሳፋ ለውዝ ላይ በብርቱው መጠን ረጨሁ። ቤቱ ታጠነ። እህቴ አፍንጫዋን ይዛ «ጥርሱ የሚነቀለው ማነው?» እያለች ክፍል ለክፍል ዞረች። እቴቴ አልሳቀችም። ጥቂት ቆልታ ቀመሰችና ተፋችው።

«ልጄ፣ ይሄን ልጆች አይበሉልኝም።»

ፊቷ ሲወድቅ ማየት አልቻልኩም። አቀጠንኩት። አሸተትኩት፣ አሁንም አቀጠንኩት፣ እንደገና አሸተትኩት። ሽታው እስኪጠፋ። ደካማውም ቢሆን ሳህኑ ላይ ሠርቷል እኮ። ጆንያዎቹን በሙሉ በእሱ ረጭተን አሰጣናቸው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ እንደ ልብ አልደረቁም፣ መልሰን ጨመርናቸው።

መጠኑን በአፍንጫዬ ነው የለካሁት። ጓንት ቢሰማ ዕድሜ ልኩን ይስቅብኛል።

እሑድ 22

ለቀማው ገና ሳይጀመር አለቀ!

እህቴ እጇን አጣጥፋ «እንግዲህ እኔ ከሥራ ተባረርኩ» አለች። አረንጓዴ የለም። የሚጣለው በአንድ እፍኝ አለቀ። እቴቴ ጆንያውን ዘርግፋ በሁለት እጇ እያፈሰች፣ እያየች፣ መልሳ እየለቀቀች ቆየች። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝና አጥሩ ጋ ሄዳ ጎረቤቷን ተጣራች።

«ኧረ ነይ እዪ! የኔ ልጅ ያጠናው ነው። ትምህርት ማለት ይሄ ነው እንጂ!»

አፍሬ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ ጆሮዬ ግን እዚያው አጥሩ ጋ ቀርቶ ነበር። ለመዋያው ደውላ እሺ አለች። ሌላ ጆንያም አዘዘች።

አንዱን ለውዝ ለሁለት ስከፍለው መሐሉ ላይ እንደ ክር ያለ ነጭ ነገር አየሁ። እፍ ስለው ሄደ። የቆዳው ብናኝ መሆን አለበት።

ሐሙስ 26

ዛሬ የመጀመሪያ ንግግሬ ነበር። የክፍሉ ሰው ሁሉ፣ ዳይሬክተሩም ሳይቀሩ ተገኝተዋል። ያለችኝን አንድ ሸሚዝ እህቴ ተኩሳልኛለች። የሳህኖቹን ፎቶ ባሳየሁ ጊዜ ከኋላ ወንበር ያለ ሰው «ኦሆሆ» አለ። እሱ ነው ያሰከረኝ። የመጨረሻውን ስላይድ ትቼ ቀና አልኩና «ስለዚህ ቅርንፉድ የሻጋታን መርዝ በደካማ መጠን እንኳ ይገታል» አልኩ። አጨበጨቡ።

ዶክተሯ አላጨበጨቡም። ብዕራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይገታል ያልከው ምኑን ነው?»

«...ዕድገቱን።»

«እንግዲያው እንደዚያ በል።»

ተሳቀ። በክፋት አልነበረም፣ አዲስ ሠራተኛ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነበር። ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ጋለ። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀውኝ «ጥሩ ትናገራለህ፣ አንደበትህ ከእጅህ እንዳይቀድም ብቻ ተጠንቀቅ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። የቤቱን ነገር ልነግራቸው አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ማነጻጸሪያው ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ ያን ጊዜ ደስ ይላቸዋል።

እቴቴ ማታ «እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«አጨበጨቡ» አልኳት። እውነት ነው፣ አጨብጭበዋል።

ማክሰኞ 1

ማነጻጸሪያው መጣ። ስስ ነጭ ሰሌዳ ላይ ከእያንዳንዱ ሳህን ጠብታ ጠብታ አደረግን። መርዝ ካለ በጨለማው ሳጥን ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።

ብርቱው፦ ጨለማ። ምንም።

ምንም ያልነካው፦ ሰማያዊ።

ደካማው፦ ከሁሉም በላይ።

ጠብታ አሳስቼ ይሆናል። ነገ እደግመዋለሁ።

ሐሙስ 3

ደገምኩት። ያው ነው። ሰሌዳውን ገልብጬ፣ ቦታ አቀያይሬ እንደገና ሠራሁት። ያቺ ነጭና ስስ የሆነችው፣ በማስመሪያ ለክቼ ደስ ያለኝ፣ እሷ ናት እንደ አምፖል የምታበራው።

ጓንት ዓይኑን ከሳጥኑ ቀዳዳ ሳያነሳ «ይሄ ሻጋታ እኔን ነው የሚመስለው» አለ። «አለቃ ሲጮህብኝ ሥራዬ ይቀንሳል፣ ሐሜቴ ግን ይጨምራል።»

ዶክተሯ መጥተው አዩ። ፊታቸው በራ። «ይሄ እኮ ግሩም ነው! ሲጨነቅ መርዙን የሚያበዛ ሻጋታ አለ፣ አንብቤያለሁ፣ በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም። ገባህ? ደካማው መጠን ሻጋታውን አልገደለውም፣ አስጨነቀው እንጂ። ቀለሙን ወሰደበት፣ ምርቱን ጨመረለት። ሰው በዓይኑ አይቶ የሚጠነቀቅበትን ምልክት አጥፍተን መርዙን ተውንለት ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቶሎ ጻፈው። ሰው በየቤቱ መሞከር ሳይጀምር።»

«እሺ» አልኩ።

«ምነው፣ ደስ አላለህም? ያንተ ግኝት ነው።»

«በጣም ደስ ብሎኛል» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም።

ሳህን ሌላ፣ ለውዝ ሌላ ነው። ሳህኑ ላይ የሆነው ሁሉ ጆንያ ውስጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ይህን ማንም ሳይንቲስት ይነግርሃል።

ቅዳሜ 5

ቁርስ ላይ ዳቦዬን ደረቁን በላሁ። እቴቴ ብልቃጡን ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝ። «ምነው፣ ሆድህን አመመህ?»

«ትንሽ።»

«ሥራው ነው። ፊትህም ገርጥቷል።» ሻይ ጨመረችልኝ። እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ በማንኪያ ከብልቃጡ እየላሰች ስልኳን ታያለች። እቴቴ «በዳቦ ብዪው፣ አንቺ ሆዳም» አለቻት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ለፎቶ ነው ብዬ ከጆንያው አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ከቅቤውም ትንሽ ወሰድኩ። የሥራ ቦታ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኳቸው። ብልቃጡን አጥብቄ ዘጋሁት። ሰኞ እፈትነዋለሁ። ምናልባት ምንም የለበትም። ያኔ በከንቱ ሰው አስደንግጬ ቢሆን ኖሮ ምን እባል ነበር? ከማስደንገጥ ማረጋገጥ ይቀድማል። ያስተማሩን እንደዚያ ነው።

ሰኞ 7

አልፈተንኩትም። ዶክተሯ ጽሑፉን ፈልገው ነበር፣ እሱን ስጽፍ ዋልኩ። «ደካማ መጠን የሚያስከትለው አደጋ» የሚለውን ክፍል ጽፌ ጨረስኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ወደ ቤት የተመለስኩት በጊዜ ነበር። እቴቴ ለመዋያው የሚሄደውን ካርቶን አሽጋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ወገቧን ይዟታል፣ እርጥበት አይስማማትም።

«ልሸከምልሽ» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። እሷ ተሸክማው ማየት ስላልቻልኩ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳይሆን ክብደቱ ነበር የታየኝ።

መዋያው ከኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ የልጆች እጅ በቀለም ታትሟል። ኃላፊዋ ካርቶኑን ተቀብላኝ «አንተ ነህ የቤቱ ሳይንቲስት? አክስትህ አፏን የምትፈታው ባንተ ነው እኮ» አለችኝና አንዱን ብልቃጥ እዚያው ከፈተች። ትንንሾቹ መክሰስ ላይ ነበሩ። አንዷ ፀጉሯ በሁለት የተጎነጎነ ልጅ ዳቦውን ትታ ቅቤውን ብቻ በጣቷ ጠርጋ ላሰች። ኃላፊዋ «እሷ ሁልጊዜ እንደዚህ ናት» ብላ ማንኪያ ሰጠችኝ። «ቅመስ እንጂ፣ የራስህ ሥራ ነው።»

«ሆዴን አሞኛል» አልኳት።

ሁለተኛ ጊዜ ነው። ያቺኑ ውሸት ለሁለት ሰው።

ወጣሁ። ዝናብ ነበር፣ ጥላ ይዤ ነበር፣ አልዘረጋሁትም።

ረቡዕ 9

ለውዙን ፈጨሁ። ከቅቤውም ወሰድኩ። አጠለልኩ፣ ጠብታ አደረግሁ። ጓንት «የማን ናሙና ነው?» አለኝ። «የገበያ» አልኩት። አየኝ። ከዚያ፣ እሱ የማያደርገውን፣ ጓንቱን አውልቆ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወጣ።

ሳጥኑ ውስጥ አየሁ።

ሐሙስ 10

ዛሬ ስለ ሥራ አልጽፍም።

ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። እህቴ ካልሲዬን ሰረቀችኝ። እራት አልበላሁም። እቴቴ በሬን ሁለቴ ከፍታ አይታኝ ሄደች። የተኛሁ መስዬ ነበር።

መፍጫው እየሠራ ነው።

አርብ 11

የዶክተሯ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ኩሽናውን፣ ሽታውን፣ አፍንጫዬን፣ ጆንያውን፣ መዋያውን። መሐል ላይ «ሳይንሳዊ ጥንቃቄ ስለጎደለኝ» የሚል ነገር ጀመርኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ለአክስትህ ነግረሃታል?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ለእርስዎ...»

«ለምን መጀመሪያ ለእኔ? እኔ አልበላሁትም እኮ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፣ ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መርዙ በአንድ ቀን የሚጥል እንዳልሆነ፣ የሚጎዳው በብዛት ሲደጋገም እንደሆነ፣ ዛሬ ቢቆም ጥሩ እንደሆነ ነገሩኝ። «ትንንሾቹ ግን ጉበታቸውም ትንሽ ነው» አሉ። የሚመጣውን ናሙና ሁሉ እዚሁ በነፃ እንደሚፈትኑልኝም ነገሩኝ።

«ሥራዬስ?» አልኳቸው። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የጠየቅሁት። አይ፣ እኔ ነኝ።

«ሂድ፣ ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ካሉኝ ሁሉ እሱ ነው የከበደኝ።

ቤት ገባሁ። እቴቴ የደከማት ትመስላለች። ነገ ልንገራት አልኩ። ይኸው፣ ዛሬም «ነገ»።

ቅዳሜ 12

ነገርኳት።

እሷ መፍጫው ጋ ነበረች፣ እህቴ ብልቃጥ ታጥባለች። ስለ መጠን፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ሰማያዊ ብርሃን ጀመርኩ። እቴቴ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«በሰው አፍ ንገረኝ።»

«ለውዙ መርዝ አለበት። እኔ የረጨሁት ነው ያባባሰው። አረንጓዴው የጠፋው ድኖ ሳይሆን ተደብቆ ነው።»

መፍጫውን አጠፋችው። እኛ ቤት ጸጥታ እንደዚያ ከብዶ አያውቅም።

«ተረጋግጧል ብለኸኝ ነበር።»

«አልተረጋገጠም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልከኝ?»

ዓይኗ እያየኝ ስለነበር መዋሸት አልቻልኩም። «ቀና ብለሽ ስላየሽኝ» አልኩ። መልስ አይደለም፣ አውቃለሁ። እሷም መልስ አላደረገችውም።

«ይሄንን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ሳህኑ ላይ ያየሁት ያለፈው ሳምንት ነው። ለውዙን የፈተንኩት ግን ረቡዕ...»

እህቴ የያዘችውን ብልቃጥ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ለዚህ ነው ቅዳሜ ዳቦህን ደረቁን የበላኸው» አለች። አልጮኸችም። «እኔ ከጎንህ ተቀምጬ በማንኪያ እየላስኩ... አንተ ሆዴን አሞኛል ብለህ...»

  ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ጥርጣሬ ብቻ ነው፣ ማረጋገጫ ይቀራል ብዬ። ለራሴ ግን ጥርጣሬው በቂ ነበር። የራሴን አፍ ለመዝጋት ማረጋገጫ አላስፈለገኝም።

እቴቴ መቀመጫ ፈለገች። አጣችና ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ ያው ጆንያ ላይ። «ሰኞ ካርቶኑን ራስህ ነው የተሸከምከው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።  እንድትሰድበኝ ለመንኳት። «ስድብ ላንተ ዕረፍት ነው» አለችኝ። «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።»

የመዋያው ኃላፊ ቤቷ ከመዋያው በላይ ነው። በሩን ስትከፍት ፈገግ ብላ ነበር። እቴቴ «እሱ ይናገራል» ብላ ወደ ኋላ ቆመች። ተናገርኩ። በሰው አፍ። ኃላፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልጆቹን?» ብቻ አለች፣ ደጋግማ፣ «ልጆቹን?» ለየወላጆቹ ስትደውል አጠገቧ እንድቆም አደረገችኝ፣ ስልኩን እየሰጠችኝ። አንድ አባት ምንም ሳይለኝ ዘጋብኝ። አንዲት እናት ደግሞ «ስለነገርከን» አለችና ሳትጨርሰው አለቀሰች። ያልተከፈቱትን ብልቃጦች መልሰን ተሸከምን። የተከፈቱት ባዶ ነበሩ።

በመንገድ ላይ እቴቴ ካርቶኑን ልቀበላት ስል ትከሻዋን አዙራ ከለከለችኝ። ወገቧን ይዟት እያነከሰች ተሸክማው ሄደች። እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ።

እሑድ 13

ጆንያዎቹን ነዳጅ አርከፍክፈን አቃጠልናቸው፣ እርጥብ ስለሆኑ እሳቱ እምቢ እያለ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ምን ሆናችሁ?» አለች። እቴቴ ወደ እኔ ጠቆመች። ለእሷም ነገርኳት። የሰው ፊት እንዴት እንደሚዘጋ ከትናንት ጀምሮ አጥንቼዋለሁ።

ሱቆቹ ያልተሸጠውን መለሱልን። የተሸጠው ግን የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ባለሱቆቹም አያውቁም። ስለዚህ በየሱቁ በር የሚለጠፍ ማስታወቂያ ልጻፍ አልኩ። ጻፍኩ። እህቴ ቀማችኝ። ከትናንት ወዲህ ያናገረችኝ ገና አሁን ነው።

«‹ባልተጠበቀ ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት›? ችግሩ ማነው? አንተ እኮ ነህ።» ሰረዘችው።

«‹ለተፈጠረው መጉላላት›? ሰው መርዝ በልቶ ተጉላላ ይባላል?» ሰረዘችው።

«‹በባለሙያ ምክር›?» ይሄን አልሰረዘችውም፣ ወረቀቱን ቀደደችው።

እቴቴ ከኩሽና ሆና «የቤቴን ስም ጻፉ» አለች። «ሱቁ ላይ የሚያውቁት በእኔ ስም ነው። ግን የሠራውም ማን እንደሆነ ይታወቅ። ከሱቁ በር ላይ ደግሞ ራሱ ይቁም፣ ወረቀት አይጠየቅም።»

ለስድስተኛ ጊዜ ጽፌው እህቴ ያሳለፈችው ይኼ ነው። ነገ ገና ሳይነጋ በየሱቁ እለጥፈዋለሁ፣ በየተራም ከሥሩ እቆማለሁ። ዶክተሯ ፈቃድ ሰጥተውኛል። ከዚያ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አልጠየቅሁም።

*በዚህ ዝናብ ከዚህ ሱቅ የእቴቴ ለውዝ ቤትን የለውዝ ቅቤ የገዛችሁ ሁሉ፦*

*እባካችሁ አትብሉት። ጥሩ ይመስላል፣ ጥሩ ይሸታል፣ ጣዕሙም አልተለወጠም። ግን በዓይን የማይታይ የሻጋታ መርዝ አለበት። ለውዙን ከሻጋታ አድናለሁ ብዬ ሳላረጋግጥ የረጨሁት እኔ ነኝ። አክስቴ አምናኝ ነው የሸጠችው። ከጠረጠርኩ በኋላም ቀናት ዝም ብያለሁ።*

*ቆልታችሁም ሆነ ከምግብ ጋር አብስላችሁ አትጠቀሙበት፣ መርዙ በእሳት አይለቅም። በተለይ ለልጆች ሰጥታችሁ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አሳዩ፣ ይህንንም ወረቀት አሳዩ።*

*ብልቃጡን ሙሉም ሆነ የተጋመሰ፣ ባዶም ቢሆን አምጡልኝ፣ እናስፈትነዋለን። ከየሱቁ በር በየተራ አለሁ። የሚወቅሰኝም ይምጣ። ለሰው ሰጥታችሁት ከሆነ ለማን እንደሰጣችሁ ንገሩኝ፣ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። ይህን ያነበባችሁ፣ ያልገዛችሁም ብትሆኑ፣ የገዛ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ አሁኑኑ ደውሉለት፤ ከዚያ መጥታችሁ ደወልኩለት በሉኝ።*